የነቃው ላፕቶፕ፣ ያልነቃው ስክሪን

ዛሬ ነፍሱ ያልወጣ ላፕቶፕ በገዛ እጄ ገደልኩ።

ጠዋት ላሊበላ ያለችኝን የጥገና ሱቅ እንደከፈትኩ አንድ መሪጌታ ከብልባላ መጡ። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለውታል።

«ልጄ፣ ይተነፍሳል፤ ግን አያይም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሌላ ስክሪን ሰካሁበት፤ እሱም ጨለማ።

ላፕቶፕ ሲከደን ይተኛል። ሲነቃ ስክሪኑን ወደነበረበት የሚመልሰው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሳቸው ድራይቨር እስከ ትናንት ይመልስ ነበር፤ ዛሬ እምቢ አለ።

«የኔታ፣ ለምን ከደኑት?»

«ደወል ተደወለ፣ ተነሣሁ። መጽሐፍ ከፍቶ መሄድ ነውር አይደለም እንዴ?»

ውስጡ የሟች መምህራቸው ቅኔ አለ። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል ይዘውት ኖረው፣ መርሳት ሲጀምሩ መጻፍ ጀመሩ።

«ሴቭ አድርገውታል?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፣ ስክሪኑ ሳይታየኝ በግምት የሴቭ ቁልፎቹን ተጫንኩ። ኢንተር መታሁ። ስለት ተሳልኩ። (ለድራይቨር የሚለመን ታቦት የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።) ሌላ መላ ስላልነበረኝ አጥፍቼ አበራሁት።

ስክሪኑ ተመለሰ። ቅኔው አልተመለሰም።

«እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀምሩትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የረሳሁት እኮ መጀመሪያውን ነው።»

መፍትሔ ልትጽፉልኝ ከሆነ አትድከሙ፤ የማውቀውን ሁሉ ሞክሬዋለሁ። እንዲህ ዓይናችሁ እያየ የጠፋባችሁ ነገር ካለ ግን ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ።

መሪጌታ ሊሄዱ ሲነሡ ላፕቶፑን እንደ ልማዳቸው በቀስታ ከደኑት። አልከለከልኳቸውም።