እስረኛ ከሆነ ምሳውን ላድርስለት

ከለቡ መብራት ኃይል የሚነሳ ሚኒባስ እነዳለሁ። ተሳፋሪ ስለ ጦርነቱ ጀግኖች ማውራት ሲጀምር ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ። አለዚያ ደሜ ይፈላና መንገዱ ይጠፋብኛል።

በጦርነቱም ሾፌር ነበርኩ። አንድ ቀን ሆዱን የተመታ ወታደር መኪናዬ አጠገብ ተኝቶ ያቃስታል፤ አዛዤ ግን መኪናው የራሱን የግል ዕቃ እንዲጭን አዘዘ። ቁስለኛውን ጭኜ ወደ ሕክምና በረርኩ። ልጁ ተረፈ። እኔ ትእዛዝ ጥሰሃል ተብዬ ተፈረደብኝና ወታደራዊ እስር ቤት ገባሁ።

እዚያ ከጎኔ የሚተኛው የነፋስ ስልክ ልጅ ነበር፤ ከመዝመቱ በፊት ተንበርክኮ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ። አባቱን ሊቀብር ፈቃድ ወስዶ ሄደ፤ እናቱ በሐዘኑ ታመው አልጋ ሲይዙ ጥሏቸው መመለስ አቃተውና ቆየ። ከዳተኛ ብለው ፈረዱበት።

አንድ ጠዋት አንድ ኮሎኔል መጥቶ ግቢው ውስጥ አሰለፈን።

«ስሙን ማደስ የሚፈልግ አንድ እርምጃ ወደፊት!» አለ። «ለከባድ ግዳጅ ትሠለጥናላችሁ። የተመለሰ ነፃ ነው። የወደቀ እንደ ማንኛውም ጀግና ይከበራል፤ ቤተሰቡም አይወድቅም። የወታደር ቃሌ ነው!»

«እንደ ወያላ ይጣራል፤ የት እንደሚሄድ ግን አይናገርም» አለኝ ጓደኛዬ በሹክሹክታ። ይህን ብሎ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እናቱን ማየት ነበር የሚፈልገው።

የሠለጠንነው ገደል ላይ ነው። በገመድ መውረድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወንዝ መሻገር፣ ፈንጂ ማጥመድ። አሠልጣኙ ስማችንን ጠይቆን አያውቅም፤ «እናንተ ፍርደኞች» ነበር የሚለን። የሰጠን ገመድ ያረጀ ነው። አዲሱ ላልተፈረደባቸው ኮማንዶዎች ተጠቅልሎ መጋዘን ተቀምጧል፤ በዓይናችን አይተነዋል። አንዱ ልጅ ገመዱ ተበጥሶበት ወድቆ እግሩ ሲሰበር አሠልጣኙ «ቀጥሉ!» አለ።

«እኛም ስንወድቅ ያመናል እኮ!» ብሎ ጮኸበት ጓደኛዬ።

ፀሐይ ላይ፣ ጠጠር ላይ አንበረከኩት። ሲያስነሱት ጉልበቱ ደም ነበር። «የጎሚስታ ጉልበት ድሮም የሞተ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሁንም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

የተላክነው ከጠላት ጀርባ ያለ የጥይት መጋዘን እንድናፈነዳ ነው። ገደሉን ወረድን፤ መጋዘኑን አነደድነው። ስንመለስ በከባድ መሣሪያ እንሸፍናችኋለን ያሉን አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሱልንም። ጓደኛዬ ድንጋይ ተገን አድርጎ ታች ቀረ፤ እሱ እየተኮሰ እኛ በገመዱ ወጣን። ሲመታ ከላይ ሆኜ አየሁት። ሬሳውን ማንሳት አልቻልንም።

እኔን ፈቱኝ። የጓደኛዬ እናት ከአልጋቸው ተነስተው ለቡ ጫፍ፣ ባላለቀ ፎቅ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ወር ሙሉ ከመንግሥት መርዶ የሚያመጣ ሰው ጠበቅሁ። ማንም ሲጠፋ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። አልቅሰው ሲወጣላቸው «የላከው ሰው ራሱ ይንገረኝ» አሉ።

ኮሎኔሉ በዚያን ጊዜ ከተማ ውስጥ ቢሮ ተሰጥቶት ነበር። ተመላልሰን ገባን። ሲያየኝ ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

«እናት፣ ግዳጁ ምስጢር ነበር። ልጅዎ እዚያ ነበር ማለት አንችልም። በእኛ በኩል ልጅዎ ፍርደኛ ነው» አላቸው።

«እስረኛ ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚታወቀው።»

«እንግዲያው የት እንዳሰራችሁት ንገረኝ፤ ምሳውን ላድርስለት» አሉት።

ኮሎኔሉ በእጁ በሩን አሳያቸው። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም። «ያ የወታደር ቃልህ የት ገባ? አንተ ነህ ከዳተኛ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ጥበቃዎች አንገቴን ይዘው አወጡኝ።

በማግስቱ እናትየው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ምሳ ዕቃ ይዘው መጡና የሚኒባሴ ጋቢና ገቡ። ወደ ኮሎኔሉ ቢሮ ወሰድኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ጥበቃውን «ለእስረኛው ልጄ ነው፤ ጥራልኝ» አሉት። መለሷቸው። በሌላውም ቀን ሄዱ፤ በሌላውም። አላፊ አግዳሚው «ምነው እናቴ?» ሲላቸው ታሪኩን ከሥሩ ይነግሩታል። እየቆየ ሰው እዚያ በር ላይ መሰብሰብ ጀመረ።

በመጨረሻ ኮሎኔሉ ራሱ ወጣ።

«እናት፣ ይብቃዎት። ሰው እየሰማ ነው።»

«ልጄን አምጣውና ይበቃኛል።»

«ሞቷል» አለ ቀስ ብሎ።

«ጮክ በል! የት ሞተ?»

ዙሪያውን አየ። «ግዳጅ ላይ» አለ። ሁላችንም ሰማን።

ከዚህ ሌላ ያገኘነው የለም። ባንዲራ የለ፣ ክብር የለ፣ ይቅርታ የለ። ሰፈሩ ግን አልተኛም፤ ዕድሩ ዕለቱኑ ድንኳን ተከለ። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ያረጀውን ገመድ፣ ጠጠሩን፣ ያልተተኮሰልንን መሣሪያ። አንድ ሽማግሌ ጃኬቴን ጎተት አድርገው «ተው ልጄ፣ ይሰሙሃል» አሉኝ።

«ይስሙ!» አልኩ።

አርፍደው የመጡ ነበሩና እናቱ እንድደግምላቸው አዘዙኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት።