የምርኩዝ ሁለት ጣቶች

ምርኩዝ የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ራሳችንን የሚያዞረን ሰዎች ነን። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ፋይላችን ላይ ከፊርማዋ ጎን ሰፍሯል፤ በእሱ የሚጠራት ግን የለም። አጠር፣ ሞላ ያለች፣ ሃምሳ አራት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ነጭ ጋውኗ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ያህል ይሰፋታል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ሌላው ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ዓይን ያያል፤ እኔ ስፌት አያለሁ።

ሥራዋን ላስረዳ፤ ማስረዳቱ ራሱ ደስ ይለኛል። ከሆስፒታሉ የጆሮና አፍንጫ ክፍል ኮሪደር ጫፍ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ወለሉ ላይ የሰው ክብደት መለኪያ የሚመስል ሰፊ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በላይ ደግሞ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ወፍራም ስፖንጅ ተቀምጧል። ጫማህን አውልቀህ ስፖንጁ ላይ ትቆማለህ፤ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ ዓይንህን ትጨፍናለህ፤ ሠላሳ ሰከንድ። ቀላል ይመስላል አይደል? ለሚያዞረው ሰው በማዕበል ላይ እንደ መቆም ነው። ሰሌዳው መወዛወዝህን ይመዘግብና ከመቶ ነጥብ ይሰጥሃል። ጤነኛ ሰው ሰማንያና ዘጠና ያመጣል። የእኛ ቢጤ ሃምሳ ከገባ ይመረቅ!

ምርኩዝ ክንዷን ዘርግታ ከኋላ ትቆማለች። ደንቡ አጭር ነው፤ ሰውየው ካልወደቀ በቀር አይነካም።

ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ከዚያ ስፖንጅ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። «አንዲት እርምጃ ርቄ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ፤ እርምጃዋን ወለሉ ላይ በእግሯ እየለካች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጇ የወደቀ ሰው የለም። ሌላው በልጆቹ ይኮራል፤ እሷ በዚህ። በልጆቿም ትኮራለች፣ ሁለት ናቸው፣ ግን ካልጠየቅናት አታነሳቸውም። ወዳጅነታችን ከሦስተኛው ቀጠሮ ጀምሮ አንተ፣ አንቺ ላይ ደርሷል።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ። የክፍሉ ዶክተር፣ አንዲት ቀጭን ወጣት፣ ጥናት ጀመረች። አፍንጫቸው ለዓመታት የተደፈነና ራሳቸውንም የሚያዞራቸው ስልሳ ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ጥያቄው፣ አፍንጫቸው ቢታከም ማዞሩስ ይቀንስላቸዋል ወይ የሚል ነበር። መጀመሪያ ሚዛናችን ተለካ። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫችንን በጨው ውሃ ስናጥብና መድኃኒት ስንነፋ ከረምን፤ ቀጥሎም እንደገና ተለካን። የመጀመሪያውን ዙር የለካን፣ ምርኩዝ ጉልበቷን ታክማ እረፍት ላይ ስለነበረች፣ አንድ ዝምተኛ ባለሙያ ነው። እሱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ ሁለተኛውን ዙር እሷ ለካችን።

እኔ መጀመሪያ አርባ ዘጠኝ ነበርኩ። በሁለተኛው ሰማንያ ስምንት! ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ልትዘል ምንም አልቀራት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰማንያ ስምንት አምጥቼ ስለማላውቅ እኔም አብሬ ልዘል ነበር።

አፍንጫዬስ በእውነት ተከፍቷል። ካውያ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ከአራት ዓመት በኋላ ሳሸተው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ራሴ ግን ያው ነው። ባለቤቴ ሱቁ ውስጥ እያየችኝ፣ «ሰማንያ ስምንቱን ያመጣኸው የት ነው? እስቲ እዚያው ሄደህ ቁም። እዚህማ መቁረጫ ጠረጴዛውን ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ አቀፍከው» አለችኝ።

የት እንዳመጣሁት አውቄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው ጀርባ ላይ ጨርቅ ስወጥር ኖሬያለሁ፤ የእኔ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሲነካ አይጠፋኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም፣ ዝንብ ያረፈ ያህል፣ ሁለት ጣቶች ሸሚዜን ቆንጠጥ አድርገው ይዘውት ነበር። ያ ብቻ በቂ ነው፤ ሰውነት ወዴት እንደሚያዘነብል ከዚያች ንክኪ ይረዳል። ዝም አልኩ። ነጥቡ ጣፍጦኛላ!

ዝምታዬን የሰበረው ቀለም ቀቢው ነው። እሱም ከስልሳው አንዱ ነው፤ ዘጠና አንድ አምጥቷል። ወረፋ ስንጠብቅ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ «ሰኞ መሰላሌ ላይ ነኝ። አራተኛ ፎቅ። ልብስ ሰፊው፣ ቀና ብለህ ሰላም በለኝ» አለ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ ሰማያዊውን የልብስ ሰፊ ጠመኔ ከመሳቢያው አወጣች። «ጠዋት ሰማያዊ ሸሚዝህን ልበስና ጀርባህን ስጠኝ» አለች።

አርብ ጠዋት ጠመኔ የተቀባ ጀርባዬን በኮት ሸፍኜ ሄድኩ። ምርኩዝን አንድ ጊዜ እንድትለካኝ ለመንኳት። «ነጥብ ሱስ ሆነብህ እንዴ ወንድሜ?» ብላ ሳቀች። ኮቴን አውልቄ ቆምኩ። ሰማንያ ስድስት።

«እትዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምን ሆነ?» አለችና ዘረጋችው። አውራ ጣቷና አመልካች ጣቷ ሰማያዊ ሆነዋል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከጀርባዬ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «አጭበረበርከኝ!»

«አዎ።»

«እኔ ሰው አልነካም! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ...»

«አንቺማ አልነካሽኝም። ጣቶችሽ ናቸው የነኩኝ። ሳይነግሩሽ።»

ስፖንጁ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ጣቶቿን እያፋተገች አየቻቸው፤ ጠመኔው እየተሰራጨ ሄደ። «ሁሉንም ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ የማውቀው የራሴን ጀርባ ነው።»

ስትቆጥር አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስልሳ ሰው። የዶክተሯ ጥናት። ያ ሁሉ ዓመት ያለ አንድ እንከን የያዘችው ስም። ጠመኔውን ታጥባ «ሆድ ይፍጀው» ብትለኝ ምን እመልስ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን በድንገት ቀና አለች። «ቀለም ቀቢው!» አለችና እጇን ሳትታጠብ ወጣች። እኔም ግድግዳውን እየዳሰስኩ ተከተልኳት።

ዶክተሯ ለትልቅ የሐኪሞች ስብሰባ የምታነበውን ጽሑፍ እያረመች ነበር። ምርኩዝ ሁለቱን ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ወረቀቱ አጠገብ አኖረቻቸው። «ዶክተር፣ ሰዎቹን ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒቱ አይደለም።» ከዚያ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

ዶክተሯ የብዕሯን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች። «እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «በጣት ጫፍ መነካት ብቻ ሰውን ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆም መጽሐፍ ላይ አለ። ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንድ ቀን መጥቼ የራሴን ክፍል አላየሁም።»

«ስብሰባውስ?»

«የዓመት ሰው ይበለን፤ ከርሞም ስብሰባ አለ።» የሦስት ወር ልፋቷን ውሃ ሲበላው እኔም አይቻለሁ፤ ግን ምርኩዝ ላይ አልጮኸችባትም።

ለቀለም ቀቢው የደወለችለት ምርኩዝ ራሷ ናት። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማናል። «ሴትዮ፣ ዘጠና አንዴን ልትወስጂብኝ ነው የደወልሽው?»

«አዎ ወንድሜ፣ ልወስድብህ ነው። መሰላሉ ላይ እንዳትወጣ።»

«ደህና ነኝ እኮ!»

«ዓይንህን ጨፍነህ፣ ግድግዳ ሳትነካ፣ ጫማህን እሰርና መልሰህ ደውልልኝ።»

ዘጋው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወለ። «ግንባሬን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨሁት» አለ። «መቼ ልምጣ?»

ሁላችንም እንደገና እንድንለካ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ከጣሪያው ላይ የሚንጠለጠል መታጠቂያ ተሠራ፤ የሚወድቅ ካለ የሚይዘው እሱ ነው። ዶክተሯ ሌላ ሰው ይለካ ብላ ነበር። ምርኩዝ፣ «ካልነካሁ ልክ ይሆናል?» አለች። «ይሆናል።» «እንግዲያው እኔው እለካለሁ። የተማርኩትን ክፉ ልማድ ሌላ ሰው አይተውልኝም።»

እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ። አዲስ ጋውን ሰፋሁላት፤ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት አጠበብኩ። ሆዱ ላይ ደግሞ ከሁለቱም ጎን የሚከፈት አንድ ኪስ አደረግሁበት፤ እጆቿ ከውስጥ ይገናኛሉ። ገልብጣ አየችው። «ምን ልከትበት ነው? ድንች?»

«እጆችሽን። እርስ በርስ ይጠባበቁ።»

የመጀመሪያው ተለኪ እኔ ነበርኩ። መታጠቂያው ታሰረልኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጀርባዬ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም። ስምንት፣ ዘጠኝ... ዓለም ወደ ግራ ተገለበጠች፤ ወረድኩ። «እእ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። መታጠቂያው ያዘኝ፤ ማንጠልጠያ ላይ እንዳለ ኮት ተወዘወዝኩ።

ዓይኔን ስከፍት ምርኩዝ በቦታዋ ቆማለች። ኪሷ ውስጥ እጆቿ እንደ ታሰሩ ድመቶች ይራገጣሉ፤ አልወጡም ግን። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወደቅክ» አለች።

«አልወደቅኩም። ተሰቀልኩ።»

ሳቋ ሳይታሰብ አመለጣት፤ እንባዋም ተከተለው። «እንደገና» አለች በጋውኗ ትከሻ ዓይኗን እየጠረገች። ሁለተኛውን ሠላሳ ሰከንድ ቆሜ ጨረስኩት፤ ሃምሳ ሦስት። የራሴ፣ የገዛ እግሬ ሃምሳ ሦስት!

ስልሳችንም ተለካን። የአፍንጫችን ነገር ተሻሽሏል፤ ሚዛናችን ግን እምብዛም። ቀለም ቀቢው አርባ ሰባት አመጣ። አሁን መሰላሉን ለባልደረባው ትቶ እሱ የታችኛውን ግድግዳ ይቀባል፤ ዶክተሯ ለሁላችን የሰጠችንን የአንገትና የዓይን ልምምድ በየጠዋቱ ይሠራል። እሷም በከርሞው ስብሰባ ላይ የምታነበው ይህንኑ ትንሿን ውጤት ነው፤ ለምን እንደገና እንደተለካንም ሳትደብቅ ጽፋዋለች።

እኔ የተለካሁ ዕለት፣ መታጠቂያውን ፈትታልኝ ፋይሌ ላይ ከፈረመች በኋላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ልማዱ ዘመም አለብኝ። ግድግዳውን ልፈልግ እጄን ስዘረጋ፣ የኮቴን እጅጌ ከኋላ ሁለት ጣቶች ቆንጠጥ አድርገው ያዙት።

«ምርኩዝ! ደንቡስ?»

«ልኬቱ አልቋል» አለች። «ዝም ብለህ ሂድ።»