አጎቴ በከንፈራቸው የለዩት የጨረቃ ድንጋይ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው... ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል፣ አሽዶድ ከተማ ሃኪርያ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ እኔና አጎቴ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ቆመን እንሰደባለን። ሞባይል ገና የሚታጠፍበት ዘመን ነው። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

አጎቴ ጋሼ ደሴ ጎንደር እያሉ የታወቁ ብር ሠሪ ነበሩ። አሽዶድ ከገቡ ወዲህ ግን ሥራቸው የትምህርት ቤት ወለል ማጽዳት ነው፤ መዶሻ ጨብጠው አያውቁም። ለእኔ ሠርግ ሲሉ መሣሪያ ተውሰው፣ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈራቸው፣ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ የአንገት ጌጥ ሠሩልኝ። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ብለውኛል። መሐሏን ለፈርጥ ባዶ ተዉትና «ድንጋዩን አንቺ ምረጪ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የጨረቃ ድንጋይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ያ ነጣ ብሎ ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን የሚሄድበት... አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንገት ላይ አይቼው ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር።

በሩ ላይ ያለው ሾሜር፣ ጥበቃው፣ ቦርሳዬን ፈትሾ ነው ያስገባኝ። ባለሱቋ ግን ያ አልበቃትም፤ ከገባን ጀምሮ ዓይኗ ከቦርሳዬ ላይ አልተነሳም። በግድ አንድ ሳህን ድንጋይ አወጣችልን፣ አሥራ ሁለት ፍሬ። «ሁሉም እውነተኛ የጨረቃ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ዋጋው አንድ ነው» አለች።

ጋሼ አንዱን አነሱና ከንፈራቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት።

«አትንካ! ምን እያደረገ ነው ይሄ ሰውዬ? አፉን በዕቃዬ ላይ? ያስጠላል!»

ዕብራይስጥ ድሮም አንቱ የለውም፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ከአንተም ያነሰ ነበር። ደሜ ፈላ።

«አትንካ ነው ያለችኝ?» አሉ ጋሼ። ይቺን ቃል ያውቋታል።

«አዎ ጋሼ።»

ፈገግ አሉ። «እኛ አገር እኮ ‹አትንኩኝ› ባዮች የምንባለው እኛ አይሁዶቹ ነበርን። ክርስቲያኑ ጎረቤት ጌጥ ሊገዛ ሲመጣ ከእጄ ወደ እጁ አልሰጠውም፤ እንዳልረክስ ብዬ መሬት ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ እሱ ያነሳል። አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ።»

ይህን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷ ትጮሃለች፣ እሳቸው አንዱን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉታል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይይዙታል፣ ያስቀምጡታል። ሲጨርሱ ሳህኑ ላይ ሦስት ክምር ነበር።

«እነዚህ ሰባቱ ብርጭቆ ናቸው» አሉኝ። «ከንፈር ላይ ወዲያው ይሞቃሉ። ብርሃን ላይ ስትይዣቸው ደግሞ እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ድንጋይስ ድንጋይ ናቸው፣ ግን ብዙ ዓይነት ቀለም ይረጫሉ፤ የሌላ ዘር ናቸው። ያንቺ ድንጋይ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ቅዝቃዜያቸው ቶሎ አይለቅም። ብርሃኑን እይው፣ ዘንበል ስታደርጊው ይሄዳል፣ ስታዞሪው ይጠፋል።»

«የጨረቃ ድንጋይ ድሮ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ስሙንም ሰምቼ አላውቅ። ብርጭቆን ግን አውቃለሁ። ስንቱ ነጋዴ ፈርጥ ነው እያለ የጠርሙስ ስባሪ አምጥቶልኛል።»

ሁሉንም ጮክ ብዬ በዕብራይስጥ ተረጎምኩት። ማንም ተርጉሚ አላለኝም፣ እልኬ ነው። አጠገባችን እንዲሁ የጨረቃ ድንጋይ ያለበት ቀለበት እየለካች የነበረች ሴትዮ ሰማችና ቀለበቱን አውልቃ፣ የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች።

ባለሱቋ በርበሬ መሰለች። «እናንተ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃላችሁ? ትናንት ከጎጆ የወጣችሁ! እንደነበረው መልሱና ውጡልኝ፣ ሾሜሩን ሳልጠራ!»

«እንደነበረው መልሱ ነው የምትለው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ ጋሼ። በመዳፋቸው ሦስቱን ክምር ቀስ አድርገው ደባለቁት። ከዚያ ወጣን።

አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ። ጌጤ መሐሏ ባዶ ሆና ልትቀር ነው፣ ለዚያውም የመጨረሻ ሥራቸው። «ይቅር ጋሼ፣ ሌላ ድንጋይ እናደርጋለን» ስል... ባለሱቋ ሳህኑን ይዛ እያለከለከች መጣች።

«የትኞቹ ናቸው? ያቺ ሴትዮ ለሰው ሁሉ እያወራች ነው! የሸጠልኝ ሰው አታሎኛል! በል ንገረኝ!» ይቅርታ የለ፣ እባክህ የለ።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሳህኑን አዩ። «መጀመሪያ የልጄን» አሉና ብርሃኑ የሚሄደውን አንዱን በአገጫቸው ጠቆሟት። አነሳችና ወደ እሳቸው ዘረጋች። ጋሼ እጃቸውን አላንቀሳቀሱም።

«አግዳሚው ላይ ታስቀምጠው።»

ተረጎምኩላት። አፈጠጠችብኝ... ከዚያ አስቀመጠችው። እኔም ዋጋውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ጋሼ ድንጋዩን አንስተው በመሐረባቸው ጠቀለሉት።

«የቀሩትስ?» አለች።

ከሰንበት በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ከተፍ አለ። ጋሼ ለድንጋይ ብለው ሰንበት የሚሽሩ ሰው አይደሉም። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ዞር አሉና «ከንፈሯ ላይ እያደረገች ትለየው በያት። ቶሎ የሞቀው ብርጭቆ ነው» አሉኝ።

ነገርኳት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየኋት። ሳህኑን አግዳሚው ላይ አድርጋ፣ ግራ ቀኟን ቃኝታ፣ አንዱን አንስታ ከንፈሯ ላይ ለጠፍ አደረገች። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ሌላውን።

የጋሼ ደሴ ከንፈር ቀድሟት ያላረፈበት አንድም ድንጋይ እዚያ ሳህን ላይ አልነበረም... እሱን ለመተርጎም ግን ጊዜ አልነበረኝም።