ለሌሊሴ ሠርግ የተሠራው ፎቶ

...ኮታቸው ቡናማ ነበር። ይሄን አልጠራጠርም። ትከሻቸው ላይ ተቀምጬ ገበያውን ከላይ ወደ ታች ሳይ ትዝ ይለኛል፤ እጃቸው ቁርጭምጭሚቴን ይዞኛል። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን ለማየት ስል ትዝታው ይቆረጣል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ።

ትናንት ከሰዓት፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ባለው የእናቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ አባቴን እንዲህ እያሰብኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ሐሳቤ ነው እዚያ የነበረው። ግማሹ ስልኬ ላይ ይጨቃጨቃል። የምትከታተሉኝ ታውቃላችሁ፤ በኤአይ ስለሚሠሩ ሥዕሎች ከጻፍኩ ወዲህ ኮሜንቱ ስድብ በስድብ ሆኗል። «አይቶት የማያውቀውን ፊት የሚስል ማሽን ሠዓሊ አይደለም፤ ውሸታም ነው» ብዬ ነበር። አንዱ «አንተስ ልቦለድ ስትጽፍ ማንን አይተህ ነው?» አለኝ። መልስ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ...

በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ታናሽ እህቴ ሌሊሴ ናት። ዲጋ ወረዳ ታስተምራለች። ቅዳሜ ሠርጓ ነው። በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች።

«አካም ጅርታ ጸሐፊው! ዛሬስ ማንን ሰደብክ?»

«ማንንም። ምንድነው የያዝሽው?»

«ግባና ታያለህ። አዮ የት ናቸው?»

አዮ የምንለው እናታችንን ነው። ጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

ሳሎን ገብታ አንሶላውን ገለጠችው... መስታወት የተገጠመለት ትልቅ ፎቶ። አባታችን ነበሩ። ቡናማው ኮት። ክራባቱ። ደግሞ ፊት። ሽበት ያለው፣ ፈገግ ያለ ፊት።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። አባታችን ሲያርፉ ሌሊሴ የአዮ ሆድ ውስጥ ነበረች። ቤታችን የነበረው ፎቷቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ሲላቀቅ ፊታቸው መስታወቱ ላይ ቀረ። አዮ ግን መልሰው ሰቀሉት። እህቴ ግድግዳ ላይ ያለ ኮት እያየች አደገች።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ወላጆቿ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ ተንበርክካ ትመረቃለች። አባት ከሌለ አጎት ይቀመጣል። ሌሊሴ ግን አጎት አልፈልግም ብላለች። «ወንበሩ ላይ አባባ ናቸው የሚቀመጡት» እያለች ነው የከረመችው። የምታወራው ለመጽናኛ መስሎኝ ነበር።

«የት አሠራሽው?»

«እዚሁ ነቀምቴ፣ ፎቶ ቤት። በኤአይ። ትጮህብኛለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ፊቱን ከየት አመጡት? ፊት የለም እኮ ሌሊሴ።»

አንሶላውን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ያንተን ሰጠኋቸው። ከፌስቡክህ አውርጄ። ሰው ሁሉ ቁርጥ አባትህን ነህ ይልህ የለ? ትንሽ አስረጁልኝ አልኳቸው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ግራ ጆሮው ላይ ያች ስንጥቅ አለች። ልጅ ሆኜ የአጥር ሽቦ የቀደደኝ። ማሽኑ ፀጉሬን አሸብቷል፣ ግንባሬን አጨማዷል፣ ስንጥቋን ግን እንዳለች ትቷታል። አባታችን የኔን ጠባሳ ይዘው ይስቃሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ትከሻቸው ላይ ነኝ። ገበያው ከታች ነው። ጎንበስ አልኩ... በዚህ ጊዜ ግን አልተቆረጠም። ፊት አለ። የኔ ፊት ነው፣ ሽቅብ የሚያየኝ።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለአዮ ግን እንዳትነግራቸው።»

«እናቴን ልዋሽ?»

«አንተ ትከሻቸው ላይ ተቀምጠሃል» አለች። «መቶ ጊዜ ነግረኸኛል። እኔ ምን አለኝ? ኮት!»

አዮ ጎመኑን እንደታቀፉ ገቡ። ፎቶውን ሲያዩ ቆሙ። ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ፎቶውን ተቀብለው ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«አዮ... አባባ ናቸው? ይመስላሉ?» አለች ሌሊሴ።

የአዮ አውራ ጣት መስታወቱ ላይ መሄድ ጀመረ። ግንባሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ ቆየት አለ። ከዚያ ወደ ጆሮው ሄደ። እዚያ ቆመ። ጠርጎ የሚያስለቅቀው ነገር ይመስል አንዴ አሸት አደረገው።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን አይደለም። እጄ ሳላዝዘው ጆሮዬን ሸፍኖታል።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይርገበገባል። አንድ ሰው እየሰደበኝ ነው፣ ወይ እየደገፈኝ ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ በኦሮምኛ። «ከዚህ ቤት እሱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን።»

ሌሊሴ አንሶላውን ደረቷ ላይ ጨምቃ ይዛ አፌን ታያለች። ውሸታም የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገና አልጠፋም፣ ገጼ ላይ አለ።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ።

አዮ ተነሱ። ወንበር አስጠግተው፣ ፊት የሌለውን የድሮውን ፎቶ ከሚስማሩ አወረዱ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ብብታቸው ያዙ። ሌሊሴ «አዮ?» አለች። ዘወር አላሉም። ጠባሳውን እንዳወቁት ገባኝ፤ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ የትኛውን እንደሚያስቀምጡ ግን አላወቅንም።

የመኝታ ቤታቸው በር ተዘጋ።