የዘይነት ጉማሬ

ዘይነት ኬክ ስትታዘዝ የባለ ልደቱን ልጅ እናት አትሰማም። መጀመሪያ ያልወደድኩላት ነገር ይህ ነው። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ልጄ አደይ ስድስት ዓመቷን ልትደፍን ስትል ቤቷ ሄጄ ነጭ፣ ክብ፣ ላዩ ላይ ጽጌረዳ ያለበት ኬክ እንድትሠራልኝ ነገርኳት። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ነኝና ስለ ኬክ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ ልጅቷ የት አለች አለች። ቤት ናት አልኳት። ሻርፗን አጣፍታ ተከተለችኝ። አደይን ደጃፋችን ላይ አገኘቻትና አጠገቧ ዱካ ስባ ተቀመጠች፤ እኔን ደግሞ ሻይ እንዳፈላ ላከችኝ። በገዛ ቤቴ። ሻይ ይዤ ስመለስ ጽጌረዳው ጉማሬ ሆኖ ጠበቀኝ።

መጠርጠር ነበረብኝ። ባሌ ወደ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ተዛውሮ ባሕር ዳር ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ልጅቷ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አፉን ሲከፍት ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ስትበላ ጉማሬ፣ ስትታጠብ ጉማሬ። ለልደት ጉማሬ ምን ያደርጋል ብዬ ብቆጣ ዘይነት ፈገግ ብላ፣ ልደቱ የማን ነው አለችኝ። ሻይዋን አስቀመጥኩላት። በነገር መሸነፍ ደግሞ አልወድም።

ይህችን ሴት በወጉ ላስተዋውቃችሁ። ዘይነት ከእኛ ቤት ጥቂት ወረድ ብላ የምትኖር፣ የነጋዴ ልጅና የነጋዴ ሚስት ናት። አባቷ ኑርሑሴን ከወረታ ጨርቅና ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ኬክ የተማረችው ግን ከሩስያዊት ነው። ልጃገረድ ሳለች ፖሊቴክኒክ ያስተምር ለነበረ ሩስያዊ ቤት እንቁላል ታደርስ ነበር። የመምህሩ ሚስት ስትጋግር በወጥ ቤቱ በር ቆማ ታያለች፤ ሴትዮዋ አንድ ቀን ክንዷን ይዛ ጎትታ አስገባቻት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ቋንቋ ባይኖራቸውም እንቁላል ነበራቸው። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትመለስ የእንስሳት ሥዕል የሞላበት የልጆች መጽሐፍ ትታላት ሄደች።

የምትጋግርበትን ብታዩ ትስቃላችሁ። አንድ ብረት ድስት ነው፤ ከታች ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር ደንበኛው የራሱን ስኳር ይዞ ይመጣል፣ የጎደለውን እሷ በማር ትሞላለች። ቀለሙስ ቢባል፣ ቀዩ ከቀይ ሥር፣ ቢጫው ከእርድ፣ ቡናማው ከዘጌ ቡና ነው። የእንቁላሉን ነጭ በሹካ ስትመታ ድምፁ ሠፈሩን ያዳርሳል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የማን ልደት ደረሰ ይላል።

በዚህች ዕቃ ያልሠራችው የለም። ለሾፌር ልጅ የጎንደሩን አውቶቡስ ሠርታ መስኮቱን በከረሜላ ደረደረችለት። ልጁ መንገድ ላይ ያለችው ሐሙሲት ይቆማል ወይ ብሎ ቢጠይቃት አጠገቡ ሁለት ብስኩት አቆመችና ይኸው ሻይ ቤቱ አለችው። ለልብስ ሰፊ ልጅ የስፌት መኪና ሠርታለች፣ መዘውሩ ሳይቀር። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል ማጭድና መዶሻ አዘዘ። መዶሻው አማረ፤ ማጭዱ ግን እሳቱ ላይ ተነፍቶ ሙዝ መስሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ ትንሽ ካዩት በኋላ አጨበጨቡ፣ ሌላውም ተከትሎ አጨበጨበ። ዘይነት ጭብጨባውን የሰማችው በወሬ ነው።

ኬኳ ሲቆረስ የትም ቤት ቆማ አታውቅምና ነው። ታደርሳለች፣ ልጁን ትስማለች፣ ሻማው ሳይበራ ውልቅ ትላለች። ትሪውን በማግሥቱ ልጇ ጀሊላ ትሰበስባለች። ሰው ኩራት ይለው ነበር፤ እኔም ኩራት ብዬዋለሁ። እውነቱን የነገረችኝ በኋላ ነው፣ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፣ አለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። ለሰው ቤት የሠራችው የመጀመሪያው ኬክ ከዚያ መጽሐፍ ያየቻት ጥንቸል ነበር፤ ነጭ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ለአንድ ክርስቲያን ቤት። በማግሥቱ ትሪዋን ልትወስድ ብትሄድ ጥንቸሏ ጆሮዋ እንኳ ሳይነካ ተቀምጣለች። ልጆቹ ጠግበው ነው አሏት። ሥጋ በየቢላዋው እንደሚለያይ፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጥንት የመጣ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ዳቦ ግን ሌላ ነው። ዘይነት በልቧ፣ እኔ ያቦካሁትን ተጠይፈው ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ኬኳን ሲበላ ማየት እንደ ራባት፣ ሳይበላላት ማየትን እንደ ፈራች ኖረች። ከሁለቱ መሸሽ ቀለላት።

ጉማሬው እሑድ ከሰዓት በኋላ በትልቅ ትሪ መጣ። ልንቀው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ሆዱ ከድስቱ የወጣ ትልቅ ክብ ነው፤ ጭንቅላቱን በዱቄት ወተት ጣሳ ጋግራዋለች። ክሬሙን በቡና አጥቁራ ያን እርጥብ ቆዳውን ቁርጥ አድርጋ አምጥታዋለች። አፉ ተከፍቷል፣ ጥርሱ የተላጠ ለውዝ ነው። ዙሪያውን ሐይቅ አለ፣ እሱም ቡናማ። ሐይቅ ሰማያዊ አይደለም ወይ ብላት፣ ጣና መቼ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል አለችኝ። አደይ ትሪውን እየዞረች፣ እያጎነበሰች አፉ ውስጥ ታይ ነበር።

የሠፈሩ ልጆች ታጥበው፣ ተቀብተው መጥተዋል። ሴቶቹም አሉ፤ ከሁሉ በላይ የተቀመጡት እማማ ወለተ ኪዳን ናቸው። እማማ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ቡናና ሎሚ እያስመጡ የሚሸጡ፣ ሠፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ። የሠፈሩ ልጅ የሰው ቤት ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ የእሳቸውን ፊት ያያል። ዘይነት እንደ ልማዷ አደይን ስማ ልትወጣ ስትል ልጅቷ ቀሚሷን ያዘች። "ካልቆየሽ ሻማውን አላጠፋም" አለቻት። ዘይነት ልጅ እንቢ ማለት አይሆንላትም። ከጀሊላ ጋር በሩ አጠገብ ቆመች።

ተዘፈነ፣ ሻማው ጠፋ። ቢላዋ አንሥቼ ከጉማሬው ጭን ቆረጥኩና የመጀመሪያውን ሳህን ለእማማ ሰጠኋቸው። እሳቸው ሳህኑን ተቀብለው አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡትና፣ እኔ ይቅርብኝ ልጄ አሉ። የቀጠለችው ሴትም ይቅርብኝ አለች። ልጆቹ የእማማን ፊት አይተው እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። የሰጠኋትን ተቀብላ የጎረሰች አደይ ብቻ ናት።

ዘይነትን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፣ ግን ሻርፗን ማጣፋት ጀምራለች። ጀሊላን ትከሻዋን ነካ አድርጋ ወደ በሩ አዞረቻት። ያን ጊዜ እኔም የጠረጠርኩት እሷ የጠረጠረችውን ነው። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ እማማ ደግሞ እማማ ናቸው፣ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። ሰው ቤት መጥቶ ሰው የለፋበትን መግፋት የት አገር ነው ወግ የሚሆነው ብዬ ጠየቅሁ። ለማንም ብዬ አልነበረም፣ ለጣራው ነው።

የመለሰችልኝ የጎረቤት ልጅ ወለላ ናት፤ የአደይ እኩያ፣ የኔታ ዘንድ ፊደል የምትቆጥር። "ጉማሬ አይበላማ" አለችኝ፣ አለማወቄ ያሳዘናት ይመስላል። "አያመሰኳም እኮ።"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱቄት መሆኑን አጥተውት እንዳልሆነ፣ ግን የማይበላ እንስሳ እንዲህ ዓይኑን አፍጥጦ እያያቸው መጉረስ እንዳልሆነላቸው ተናገሩ። ከልጅነታቸው አፋቸው የማያውቀውን ነገር ዛሬ በስተርጅና ሊያስተምሩት እንደማይችሉም አከሉ። ሴቶቹ፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ።

ዘይነት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "የተጠየፋችሁት እጄን አይደለም?" አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

"እጅሽ ደግሞ ምን ሆነ?" አሉ እማማ።

"እማማ፣ ጥንቸልስ ይበላል?"

"በስመ አብ። ጥንቸል ማን ይበላል?"

ዘይነት በሩን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላቆም አላት፤ ዱካ ፈልጋ ተቀመጠች፣ ዕንባዋን በሻርፗ ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች። ጉማሬማ እኛም አንበላም አለች፣ ልጅቷ ሥሪልኝ ስትለኝ እኮ ስለ መልኩ እንጂ ስለ መብሉ አላሰብሁም። እኛ ምን እንደሚያስቃት አልገባንም፣ እናንተ ግን ገብቷችኋል። አንዲት ጥንቸል ስንት ዓመት ከሰው ቤት እንዳሸሸቻት ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መላውን ያመጡት እማማ ናቸው። ቀንድ አድርጊለትና በሬ ይሁን አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ሙዝ ነበር፤ ዘይነት ሁለት ልጣ ቀንድ አደረገችለት፣ የቆረጥኩትን ጭን ደግሞ ጀርባው ላይ ጭና ሻኛ አበጀችለት። ደህና በሬ ወጣው። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እጆቹ ከየኋላው ተመለሱ፣ ሳህን ተነሣ። እኔም ቢላዋዬን አነሣሁ።

"ማን ሊያርደው ነው?" አለች ወለላ።

ቢላዋዬን ዝቅ አደረግሁ። ይህችን ልጅ ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ ጥያቄዋ ግን ልክ ነበር። እኔ ብቆርጠው ጀሊላ አትበላም። ዘይነት ብትቆርጠው ወለላ አትበላም። አዋቂ ቢሆን በሳቅ ያልፈው ነበር፤ ልጆቹ ግን በበሬ ቀልድ አያውቁም፣ ጀሊላም አንዴ እኔን አንዴ ቢላዋውን ታያለች። እማማ እንኳ መላ አጥተው ወደ ጣራው አዩ።

ዘይነት ተነሥታ አደይ ፊት ተንበረከከች። ሁሉን ትታ ልጅቷን ነው የጠየቀቻት፤ ያልወደድኩላት ያ ልማዷ በዚያች ሰዓት እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጉማሬሽ ወደ ውሃው ይመለስና በእሱ ፈንታ ዓሣ ይምጣ ብል ይከፋሻል ወይ አለቻት። አደይ አሰበችበት። ጉማሬው ነገም እዚያው ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀች። ዘይነት እሱማ የትም አይሄድም፣ ሄደሽ ታይዋለሽ አለቻት። እሺ አለች ልጄ።

ቢላዋውን ለዘይነት ሰጠኋት። ቀንዱን አወለቀች፣ እግሮቹን ቆረጠችና ከኋላ ገጣጥማ ጭራ አደረገቻቸው፣ ሻኛውን ጠርባ የጀርባ ክንፍ አወጣችለት። ለውዙን ከአፉ ለቅማ ለልጆቹ አደለች። ሙዙን በስሱ ከትፋ ጎኑ ላይ አንዱን በአንዱ እየደረበች ደረደረችው፤ ያ ቅርፊቱ ሆነ። ሐይቁ ውስጥ የተኛ ትልቅ ዓሣ ሆኖ ቁጭ አለ።

"ዓሣን ማንም አያርደውም" አለቻት ወለላን። "ከውሃ ሲወጣ በራሱ አለቀ። አንቺም በስመ አብ ብለሽ ብይ፣ ጀሊላም ቢስሚላህ ብላ ትብላ።"

ወለላ ትንሽ አስባ ሳህኗን ዘረጋች። ከዚያ በኋላ መቁረሻ ጊዜ አልነበረም። ልጆቹ ጭራውን ተሻሙ፣ ጀሊላና ወለላ ከአንድ ሳህን ሙዙን ተካፈሉ፣ ሴቶቹ ይህ ማር ነው ስኳር እያሉ ተከራከሩ። ዘይነት መሐል ቤት ቆማ አፍ አፋችንን ታያለች። አንዱ ሲጎርስ ዓይኗ እስኪውጥ ይጠብቀዋል። ወንድ ልጅ ወልዳ የምትስም ሴት እንኳ እንዲህ ደስ ሲላት አላየሁም። እኔ በቀላሉ የማላለቅስ ሰው ሻይ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ እማማ ወለተ ኪዳን ዘይነትን አጠገባቸው ጠርተው አስቀምጠዋታል። ከዓሣው ራስ በጣታቸው ቆርሰው ይዘዋል፣ ግን አላጎረሷትም። እጃቸው አየር ላይ ቆሟል።

"ስንት ዘመን ጎረቤት ስንሆን አንድ ቀን ግቢና ቅመሽልኝ አላልሁሽም" አሏት። "እንቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። አሁንስ ከእጄ ትጎርሻለሽ?"

ዘይነት አፏን ከፈተች። ጉርሻው የእናት ጉርሻ ነበርና ክሬሙ ጉንጯን ሁሉ ነካ፤ አላምጣ እስክትውጥ ሁላችንም አፍ አፏን አየናት። እማማ ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን እየቆረሱ ነበር።