ብልቱ የጠፋው ዶሮ

ኮክ ከሰል ላይ ሲውል የሚያወጣው ሽታ አለ። መጀመሪያ ማር ማር ይላል፤ ጠርዙ ማረር ሲጀምር ደግሞ መረር ይላል። እኔ ዛሬ ደባርቅ ውስጥ የአንድ ሎጅ ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝና ይህን ሽታ በሳምንት ሦስት አራቴ አሸተዋለሁ። እንግዶቹ ያዛሉ፣ ልጆቹ ይጠብሳሉ፣ እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ እቆጣለሁ። ጭሱ ዞሮ ፊቴን ሲመታኝ ግን ሎጁም እንግዳውም ይጠፉብኛል። የሚታየኝ ጎንደር ቁስቋም ያለው የአባቴ ግቢ ነው፤ የፍልሰታ ጾም የተፈታበት ያ ዝናባም ጠዋት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የሆቴል ምግብ ዝግጅት ተምሬ ጨርሼ፣ ይኸው ያለሁበት ሎጅ ከመስከረም ጀምሮ ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። የቀረኝ የአባቴ ቃል ብቻ። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ድጓ የሚያስተምር፣ አንዴ "አይሆንም" ካለ ማንም ቢለምነው የማይመለስ ሰው። "የመሪጌታ ልጅ ለሆቴል ልትቀቅል?" አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔ አለቀስሁ፣ አኮረፍሁ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አልሁ፤ ጾም ስለነበር ግን ያስተዋለኝ የለም። እናቴ ነች ሳምንት ሙሉ የጨቀጨቀችው። በመጨረሻ መረረውና፣

"ወንድሜ ለጾም ፍቺው ይመጣል። ሙያሽን እሱ ይቅመስ። እሱ ሂጂ ካለሽ ትሄጃለሽ፣ ተይ ካለሽ ትቀሪያለሽ። ከዚያ ወዲያ ይህን ወሬ በቤቴ አልሰማም" ብሎ ቆረጠው።

ወንድሙ ማለት የእኛ አያ ነው። ስም አንጠራም፣ አያ ነበር የምንለው። ወገራ ላይ የሚያርስ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በምግብ ነገር የማይቀለድበት ሽማግሌ። ሠርግ ቤት ገብቶ ወጡን ከቀመሰ በኋላ ዝም ካለ የባለቤቲቱ ልብ ይወልቅ ነበር። እኔ ግን ምን ገዶኝ! ዶሮ ወጥማ ጎንደር ላይ ማን ይቸገራል፣ አያ አይቶት የማያውቀውን ነው የማቀርብለት አልሁ። ጉራዬ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር።

አባቴ አራት አውራ ዶሮ አስገዛ። በጾሙ የመጨረሻ ቀን ወንድሜ አርዶ ሰጠኝ፤ እናቴና እኔ ነጭተን በሎሚ እያሸን አጠብናቸው። ከዚያ እናቴን ከጓዳ አስወጣኋት። እንደተማርሁት አጥንቱን በቢላ እየፈለፈልሁ አወጣሁ፤ ሥጋውን በአውራ ጣት ልክ ቆራረጥሁት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማር፣ እርጎ፣ ሎሚና በርበሬ አንድ ላይ መትቼ ዘፈዘፍሁት። ኮኩን ከጓሯችን ዛፍ ለቀምሁ፤ አናናሱን ከአራዳ አስመጣሁ። ወንድሜ ቀጫጭን የወይራ እንጨት ልጦ አሾለልኝ። እናቴ በበሩ አንገቷን አስግጋ ጎድጓዳውን ሳህን አየችና "ልጄ፣ አጥንት የሌለው ዶሮ... ለአያ?" አለች። "እማ፣ የአሁን ጊዜ አሠራር ነው" አልኋት። ከንፈሯን ነክሳ ሄደች።

በነጋታው ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። በግማሽ በርሜል ከሰል አቀጣጥዬ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጠጋ አልሁ። በአንድ በኩል ዝናብ ጀርባዬን ያርሰኛል፣ በሌላ በኩል ፍሙ ፊቴን ይለበልበኛል። ሥጋና ኮክ፣ ሥጋና አናናስ እያፈራረቅሁ ሰክቼ ፍርግርጉ ላይ ደረደርሁት። ማሩ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ቸስ ይላል፣ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሽሮና ጎመን ላይ ለከረመ ሰፈር ያ ሽታ ግፍ ነበር። የጎረቤት ልጆች ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያዩኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሴ ወጥቶ አባቴ፣ አያና አምስት ስድስት ጎረቤቶች የረጠበ ነጠላቸውን እያራገፉ ገቡ። እጅ አስታጠብሁ። አርባ እንጨት ጥብስ በሰፊ ትሪ እንጀራ ላይ ክምር አድርጌ መሐል አስቀመጥሁ። አባቴ ባረከ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

አያ አንዷን እንጨት አነሣ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጠ። "ፈረሰኛው የታል?" አለ።

ያኔ ጥፋቴ ገባኝ። በእኛ ቤት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የትልቅ ሰው ነው፣ የክብር እንግዳ ወይም የአባወራ። ያ ሳይወጣለት ሌላው እጁን ቢሰድ ነውር ነው። እኔ ደግሞ በዘመናዊነቴ አርባ ስምንቱን ብልት አንድ ላይ ደባልቄ፣ ማን ምን እንደሚደርሰው የማይታወቅ የሥጋ ጠጠር አድርጌው ቁጭ!

"ምነው ልጄ" አለ አያ፣ ቁጣም አልነበረበትም፣ ያ ነው የባሰው፤ "ሁሉም አንድ መልክ ነው። የቱ የኔ፣ የቱ የልጆቹ እንደሆነ በምን ይለያል? ኮኩስ ከዶሮ ጋር ምን ዝምድና አለው?"

አንዱ ጎረቤት ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባቴ ጉልበቱን እያየ ጆሮው ቀላ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልሁ። ደባርቅ ሲሄድብኝ፣ በዓይኔ እያየሁት፣ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤበት አይደለም። እልህ ነው። ትሪው ፊት ተንበርክኬ፣

"አያ፣ አልጠፋም። በእጄ ነው ያወጣሁት፣ አውቀዋለሁ" አልሁ።

ሥጋውን ከእንጨቱ እየመዘዝሁ መለየት ጀመርሁ። ትኩስ ነበር፣ ጣቴን ያቃጥለኛል፤ ኧረ ማን ሊሰማው! የሥጋው መስመር፣ የቀለሙ ጥቁረትና ንጣት፣ ቢላዬ ያለፈበት ጠርዝ፣ ሁሉም ይናገራል፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ ስበልት የኖርሁ ነኝ። ይኼ ከክንፍ ነው፤ ይኼ ከታፋ፤ ይኼ ከቅልጥም፤ ይኼ ከአንገት። እንጀራው ላይ ቦታ ቦታ እያስያዝሁ፣ ጮክ ብዬ እየጠራሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀሁ እንጃ። መጨረሻ ላይ የፈረሰኛውን ሥጋ በአዲስ እንጨት፣ በመሐሉ ኮክ እያስገባሁ፣ መልሼ ሰካሁና በሁለት እጄ ለአያ አቀረብሁ፤ ለአባቴም የእሱን ድርሻ ፊቱ አኖርሁለት።

አንዱን መዘዘ። ለሁለት ሰነጠቀው፣ በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ ጎረሰ። ያ ሰው ሲያኝክ አንድ ክረምት ያለፈ መሰለኝ።

"ፈረሰኛ ነው!" አለ።

አላመነኝም መሰለኝ፣ ደግሞ ወደ ሌላው በጣቱ ጠቆመ። "ይኼስ?"

"ቅልጥም።"

ቀመሰ። "ልክ ነው። ይኼስ?"

"ክንፍ ነው፣ አያ። የልጆቹ ነው፣ ይተዉላቸው።"

ያኔ ነው ቤቱ በሳቅ የፈረሰ። አያ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አጥንት ሳይኖር ብልት የምታውቅ ልጅ አይቼ አላውቅም! በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ፤ እጅ በእጅ ላይ ተረባረበ። እናቴ ከጓዳው በር እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ኮኩን ለመጨረሻ ትቶት ነበር፤ በጥርጣሬ ነክሶ፣ ጺሙን ጠርጎ፣ ትንሽ አሰበና "ኮኩን ጨምሪልኝ" አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፣ ሹመትም አግኝቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያኮራኝ የለም።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "ወንድሜ፣ ምነው ይችን ልጅ ታስራታለህ? ሸጋ ሙያ ይዛለች። ትሂድ።"

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ። አባቴም ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ሎጁን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ቀረ፤ መንገዱ ያዞረዋል፣ ዛሬ ነገ እያልን። አንዳንድ ቀን ትሪ ይዤ ስወጣ ጥጉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባየው እላለሁ።

ያን ቀን ትሪው ባዶ ሲሆን ልጆቹ እንጨቱን ይልሱ ነበር። እኔ ውኃ ይዤ ከአባቴ ኋላ ቆሜያለሁ። የራሱን ፈረሰኛ ሳይነካ እንጀራው ጠርዝ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። "ነይ" አለኝ። ጎንበስ ስል በእንጀራ ጠቅልሎ በእጁ አጎረሰኝ። ለሴት ልጅ፣ ያውም ለታናሽ፣ ፈረሰኛ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። 

አኘክሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የዘፈዘፍሁት በጾም ነውና አልቀመስሁትም፤ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም! ጨው የሌለው አርባ እንጨት ሥጋ በልተው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ቀና ስል አያ ወደ ቆርቆሮው አንጋጦ ዝናቡን የሚያዳምጥ ይመስላል። አባቴ ግን ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

"እዚያ ስትሄጂ ጨው እንዳትረሺ" አለኝ።