ሴቶች የተሸከሙት ቃሬዛ

የበኩር ልጄን የወለድሁት በጠላት ጊዜ፣ በሴቶች ትከሻ ተጉዤ፣ በሙስሊም ቤት ነው። ይህን ስናገር የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም። ማዘን አያስፈልግም። እኔ በዚህ ነገር እኮራለሁ፤ ሰው ሰብሰብ ባለበት ቦታ ሳላወራው አልነሣም። ልጆቼ «ደግሞ ጀመረች» ይሉኛል። ይበሉ።

ቤታችን ከጎረቤላ ቁልቁል ከሚወርደው ገደል ጥግ ነበር። ጣሊያን ከላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። ባሌ በተጋባን በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ከመንደሩ ወንድ ገሚሱ አብሮት ነው፤ የቀረውን ደግሞ ጣሊያን ለጣርማ በር መንገድ ድንጋይ ሊያስፈልጠው እየነዳ ወስዶታል። ደጅ የሚታዩት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ቤቱን የያዝነው እኔና አማቴ ነን።

አማቴ የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ በጊዜው ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቁጡ ነበሩ። እኔም የዋዛ አልነበርሁም። እንጀራው ቀጠነ፣ ከብቱ ውሃ አልጠጣም እያልን ስንነታረክ እንውላለን። ያለ ጭቅጭቅ የምንስማማው ለአርበኞች ስንቅ በማቀበል ነው። እዚያ ላይ አንድ ልብ ነበርን።

ሆዴ ገፍቶ የመውለጃዬ ወር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አማቴ በሶ በአቁማዳ ሞሉና «እስከ ወንዙ አድርሺው፤ እርጉዝ አይፈትሹም» ብለው ላኩኝ። አድርሼ ተመለስሁ። ምንም አልደከመኝም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሰፌድ ይዤ ገብስ ሳበጥር ቀሚሴ ሲረጥብ ተሰማኝ። ሽርት ውሃዬ የፈሰሰ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ደም ነው፤ ደማቅ ቀይ ደም። ቁርጠት የለ፣ ምጥ የለ፣ እንዲያው ዝም ብሎ ይወርዳል። ሕመም ቢኖረው እንዲያ ባልፈራሁ። «እሜቴ!» ብዬ ጮኽሁ።

አማቴ መጥተው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጎረቤቶች ተጠሩ። አንደኛዋ ገና ከበር ሳትገባ «ሸክሙ ነው! ትናንት ያሸከማችኋት ስንቅ ነው ልጁን ያላቀቀው» አለች። ሌላዋ ቅቤ አነሣች። በእኛ አገር የእርጉዝ ሆድ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ በቅቤ መታሸት ነበር። ሆድ ቢነፋ ይታሻል፣ ልጅ ቢጋደም ይታሻል፣ ደም ቢፈስም «ልጁ ወደ ቦታው ይመለስ» ተብሎ በሁለት እጅ ወደ ላይ ይገፋል።

«እጅሽን አንሺ!» አሉ አማቴ። «እህቴን እንዲሁ አሽታችሁ ነው የቀበራችኋት። ምራቴን የሚነካ የለም።»

«ታዲያ ዝም ብለን ስትፈስ እንያት?»

«ቃሬዛ እናብጅ። ወደ አልዩ አምባ እንወስዳታለን።»

አልዩ አምባ አጠገብ አንዲት ሙስሊም አዋላጅ ነበሩ። አማቴ የሚያውቋቸው ከገበያ ነው፤ ጨውና በርበሬ ሲሸማመቱ የተወዳጁ ሴቶች ናቸው። ደም የሚፈስሳትን እርጉዝ አስተኝተው ያተረፉ መሆናቸው ይወራላቸዋል። ግን ጉልበታቸው ታሞ ዳገቱን መውጣት አይችሉም። እሳቸው ካልመጡ እኔ መሄድ አለብኝ፤ ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ ደግሞ የለም።

ቃሬዛ የወንድ ሥራ ነው። ሴት የምትሸከመው በጀርባዋ ነው፤ እንስራውንም፣ እንጨቱንም፣ ልጁንም። ቃሬዛ ግን በትከሻ ይያዛል፤ አራት ሰው እርምጃውን ካላስተካከለ ተኝቶ የሚሄደው ሰው ይወድቃል። ያን ቀን አማቴና ሦስት ጎረቤቶቻችን ሁለት አጣና በጠፍር አያይዘው፣ ቁርበት አንጥፈው፣ እኔን በጋቢ ጠቅልለው አነሡኝ። ከጓሮው ሳንወጣ ሁለቴ ልወድቅ ነበር። አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር፤ አንዷ ትቸኩላለች፣ አንዷ ትጎትታለች። አማቴ ከፊት ሆነው «ቀኝ! ግራ! ቀኝ!» ይላሉ። ቅቤ አንሥታ የነበረችው ሴት ከኋላ ሆና ታለቅሳለች፤ ግን አልለቀቀችም። እኔ ከጋቢው ሥር ሆዴን ይዤ ልጁ ሲንቀሳቀስ እጠብቃለሁ። ሲራገጥ «አለ!» እላለሁ፤ እነሱም «አለ!» ብለው ይቀባበላሉ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ኬላ ነበር። ጥቂት ባንዳዎችና አንድ ጣሊያን ይጠብቁታል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ እንዲሰጥ ታዟል። ቃሬዛ ሲያዩ የቆሰለ አርበኛ የደበቅን መሰላቸው።

«ቁሚ! እጅሽን አንሺ!» አለ አንደኛው ባንዳ፣ አማቴን።

«ላንሣ?» አሉ አማቴ። «እንግዲያው ና፣ ቃሬዛውን አንተ ያዝልኝ።»

ከጋቢው ሥር ሆኜ፣ ደሜ እየፈሰሰ፣ ሳቄ መጣ። ባንዳው ተቆጥቶ ሊገልጠኝ ሲጠጋ አማቴ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «የወላድ ደም ነው። እናትህ አንተን ስትወልድ ያፈሰሰችው ነው። ማየት አምሮህ ከሆነ ግለጠው» አሉት። እጁ ባለበት ቆመ። ጣሊያኑ ራሱ መጥቶ የጋቢውን ጫፍ አነሣ፣ ቀሚሴን አየ፣ መልሶ ጣለውና በእጁ ሂዱ አለን። አማቴ እጃቸውንም አላነሡ፣ ምስጋናም አልሰጡ። «ቀኝ! ግራ!» ብለው ቁልቁለቱን ቀጠሉ።

አዋላጇ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ደሙን አዩ፣ «ያማታል?» ብለው ጠየቁ። «አያማትም» ሲባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆዴን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት እንጂ አልተጫኑትም። ወደ ውስጥም እጃቸውን አልሰደዱም።

«እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል» አሉ። «የነካው ሰው ይገድላታል። በጎኗ ትተኛ፣ ውሃ እንኳ እንዳታነሣ። ኢንሻ አላህ ልጁ እስኪጠና እናቆየዋለን።»

ያን ጊዜ የገባኝ «ተኚ» የሚለው ብቻ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ደብረ ብርሃን ለሌላ ልጅ ስመረመር ሐኪሙን አጥብቄ ጠየቅሁትና ነገሩን በሥርዓት አስረዳኝ። እንግዴ ልጅ ከማኅፀን ግድግዳ ተጣብቆ የሚያድግ ነው፤ የእናትና የልጅ ደም ሳይቀላቀል፣ ከእናቲቱ ምግቡንም ትንፋሹንም እየተቀበለ በእትብቱ ለልጁ ያደርሳል፤ ልጁ ያወጣውን ቆሻሻም መልሶ ለእናቲቱ ያስረክባል። ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ሳንባውም ማዕዱም እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚተከለው ከፍ ብሎ ነው። ዝቅ ብሎ ከማኅፀን በር አጠገብ ከተተከለ ግን፣ ወሩ እየገፋ የማኅፀኑ የታችኛው ክፍል ሲሳሳ ጠርዙ ይላቀቃል፤ ያኔ ያለ ሕመም ደም ይፈስሳል። በሩን ጨርሶ ከዘጋው ያለ ቀዶ ጥገና መውለድ አይቻልም። የእኔ ጠርዙ ብቻ ነበር የተጠጋው። ሌላም ዓይነት አለ፤ በትክክለኛው ቦታው ተተክሎ ሳለ ያለ ጊዜው ሲላቀቅ ሆድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሕመሙም ብርቱ ነው። ሐኪሙ «በእርግዝና የሚታይ ደም ቢያምም ባያምም ቶሎ ወደ ሐኪም ነው» አለኝ። እኛ ቶሎ የሄድነው ወደነበረን ሰው ነው፤ እንኳንም ሄድን።

ደሙ ቆመልኝ። በዚያ ቤት በጎኔ ተኝቼ ሰነበትሁ። ጎረቤቶቹ ተመለሱ፣ አማቴ ግን ከአጠገቤ አልተለዩም። አይቆጡኝም ነበር፤ ይህ ከደሙ ይልቅ አስጨነቀኝ። አንድ ጊዜ የተኛሁ መስሏቸው ለአዋላጇ «ገዳይዋ እኔ ነኝ፤ ስንቅ ያሸከምኋት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ። ልቤ ተሰበረ። ብነሣ ባቅፋቸው ወደድሁ፤ መነሣት ግን ተከልክያለሁ።

አዋላጇ ደም ስላነሰኝ ሥጋ ብይ ይሉኛል። ሥጋ በቤቱ አለ፤ ግን ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። አማቴ ዶሮ ገዙ። ባርኮ የሚያርድ ክርስቲያን ወንድ በአካባቢው ጠፋ፤ በእኛ ደግሞ ሴት ቢላዋ አንሥታ አትባርክም። አማቴ ከደጅ ቆመው መንገዱን ቁልቁል ሽቅብ ሲያዩ ዋሉ። በመጨረሻ «ወንድ እስኪመጣ ምራቴ ትሙት?» ብለው ገቡና ቢላዋውን አነሡ። «በስመ አብ» ብለው ባረኩ። የቄስ ሚስት! ዶሮዋ ታርዳም ከእጃቸው አመለጠችና አዋላጇ ከሚያማቸው ጉልበት ጋር አብረው አሯሯጧት። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ጉበቱን በእጃቸው አጎረሱኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ምጡ የመጣው በቀትር ነው። ደሙም አብሮ መጣ። አማቴ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ፤ የቤቱ ሴቶች «ያ ፋጢማ!» ይላሉ። የልጁ ራስ ወርዶ የእንግዴ ልጁን ጠርዝ ሲጫነው ደሙ ረገብ አለ። ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽ ናት፣ ግን ጮኸች። ከሴቶቹ አንዷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አዋላጇ በእጃቸው ከለከሏት። በእነሱ ቤት እንግዴ ልጁ ሳይወጣ እልልታ የለም።

አልወጣም። ደሙ ይፈስሳል። ዓይኔ መጨለም ጀመረ። አማቴ እጄን ይዘው «አትሂጂብኝ፣ ልጄ! አትሂጂብኝ!» ይላሉ፤ ምራቴ ሳይሆን ልጄ ሲሉኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። አዋላጇ እትብቱን አልጎተቱም። ልጅቷን ከጡቴ አስጠጓት። ጠባች። ስትጠባ ሆዴ ተጨማደደ፣ ጠንከር ብሎ ጠበቀ፣ እንግዴ ልጁም ወጣ። አዋላጇ በገበታ ላይ ዘርግተው ዞር ዞር እያደረጉ አዩት፤ ቁራሽ ውስጥ ከቀረ ማኅፀን አይጨመደድም፣ ደሙም አይቆምም።

«ሙሉ ነው። አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ አማቴን ጠሩና ጠርዙ ላይ ጠቁሮ የረጋውን ደም አሳዩአቸው። «እዩት፣ እዚህ ጋ ነው የተላቀቀው። በሩ አጠገብ ነው የበቀለው፤ ሲበቅል ጀምሮ። ስንቁ ምንም አላደረገም።»

አማቴ ገበታውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። እልልታውን የጀመሩትም እያለቀሱ እሳቸው ናቸው።

ጠላት ከወጣ በኋላ ባሌ በሰላም ተመለሰ። አርበኞቹ ተሰብስበው ግብዣ ተደረገ። እየተነሡ ይፎክራሉ፤ የቆሰሉበትን ያሳያሉ፤ ባሌም ጥይት የበሳውን ክንዱን ገልጦ አሳየ። እኛ ሴቶች እናስተናግዳለን። አማቴ የያዙትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡና መሐል ገቡ።

«ዘራፍ!» አሉ። «ዘራፍ የቄሱ ልጅ! ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ዶሮ ባራኪ! ጠላት ፊት እጇን ያላነሣች! ነፍሰ ጡር ይዛ ወርዳ፣ ሁለት ነፍስ ይዛ የወጣች!»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፍ አደረጉት። አጣናው የበላው ቦታ ጎድጉዶ ጠቁሯል። እስከዚያች ቀን ለእኔም አሳይተውኝ አያውቁም ነበር።

ከወንዶቹ አንድም የሳቀ የለም። ባሌ ልጃችንን እንዳቀፈ ተነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ያንን ትከሻ ሳመ፣ የራሱንም መቀመጫ ለቀቀላቸው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ከአርበኞቹ መሐል ገቡና ተቀመጡ።